ሞተርህን የጣልኳት እኔ ነኝ

ይድረስ ለአባቴ፣

አባዬ፣ ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። እንዴት ነህ ብዬ መጀመር ያምረኛል። ግን ዙሪያ ጥምጥም መሄድ እንደምወድ ታውቃለህና ዛሬ በቀጥታ ልናገር። ሞተርህን የጣልኳት እኔ ነኝ። ሆዷን የሚሸፍነው የብረት ክዳን የተሰነጠቀው በእኔ እጅ ነው። አንተ አልጣልካትም፤ ጥለሃት የረሳኸውም ነገር የለም።

እኛ ደህና ነን። ገርጂ ግን አንተ የምታውቃት ገርጂ አይደለችም። የጀርባ ጎረቤታችን ቤቱን አፍርሶ አምስት ፎቅ ስላቆመ ፀሐይ ግቢያችን የምትደርሰው አራት ሰዓት ላይ ነው፤ እማዬ የልብስ ማስጫ ገመዷን ሦስት ጊዜ አዛውራለች። ባቡሩ ሥራ ጀምሮ እስከ አያት ይሄዳል። አንተ አቧራ እየጠጣህ በምትመላለስበት መንገድ ሰው ቁጭ ብሎ ስልኩን እየነካካ ያልፋል። የኮንዶሚኒየም እጣም ወጣልን፤ አያት፣ አራተኛ ፎቅ። ቧንቧውን የዘረጋኸው አንተ ትሆን እንዴ ብዬ ነበር። እማዬ ሄዳ አይታ የኩሽናው ቧንቧ ከአሁኑ ያንጠባጥባል ስትለኝ፣ እንግዲያው የአባዬ እጅ አይደለም ብዬ ተውኩት።

አራተኛ ፎቅ ላይ ሞተር ሳይክል አይወጣምና እማዬ ልትሸጣት ወሰነች። ባለፈው ሳምንት የእድራችሁ ጸሐፊ ጋሽ በቀለ ሊያይዋት መጡ። ጎንበስ ብለው ስንጥቁን አዩና ምን አገኛት ብለው ጠየቁ። እማዬም እሷ እንደምታውቀው ነገረቻቸው። ባለቤቴን ወደ መጨረሻው መርሳት ጀምሮት ነበር፣ ጥሏት እንኳ መጣሉን አያውቅም ነበር አለቻቸው። ጋሽ በቀለ እንዲያ ያለ ሰው ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ እሰማለሁ። ክዳኑ ከተቀየረ እንደሚወስዷት ሲናገሩ፣ እኔው እቀይረዋለሁ አልኩ። እማዬ በኩራት የአባቷ ልጅ አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባዬ፣ እሑድ ነበር፣ ሚያዝያ። አንተ በእግርህ የእድር ስብሰባ ሄደሃል፣ እማዬ ለቅሶ ቤት ናት። ፈተናሽን ስትጨርሺ መንዳት አስተምርሻለሁ ብለኸኝ ነበር። አንተ ቃልህን እንደማታጥፍ አውቃለሁ፤ ሁለት ወር መጠበቅ ያቃተኝ እኔ ነኝ። ቁልፉን ከጃኬትህ ኪስ አወጣሁና ኮብልስቶን ወደሚነጠፍበት ቅያስ ገፋኋት። ሁለት ዙር እንደ ጀግና ነዳሁ። በሦስተኛው በግራ እጄ ጨብጬ የያዝኩትን ፍሪሲዮን ድንገት ስለቀው ዘለለችና በቀኝ ጎኗ የድንጋይ ክምሩ ላይ ተጋደመች። ጉልበቴ ተላጠ፤ እሱን በሱሪ ሸፈንኩት። እሷን በጨርቅ ጠራርጌ፣ የተጎዳው ጎኗ እንዳይታይ ወደ ግድግዳው አስጠግቼ አቆምኳትና ገብቼ መጽሐፍ ገለጥኩ።

ሰኞ ጠዋት ሥሯ ዘይት ተኝቶ አገኘህ። መጀመሪያ እማዬን ጠየቅክ፣ ቀጥለህ እኔን። ዓይኔን በጨው ታጥቤ እኔ እንጃ አልኩህ። ሁለተኛ አልጠየቅከኝም። ቤት ውስጥ ያለነው ሦስት ሰዎች ነን። እማዬ ሞተር ሳይክል አትነካም፣ ልጅህ አልነካሁም ብላለች፤ የቀረኸው አንተ ነህ። ልጅህን ከምትጠረጥር የራስህን ጭንቅላት መጠርጠር ቀለለህ።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ማስረጃ ሆነብህ። መነጽርህን ግንባርህ ላይ አድርገህ መፈለግህ፣ እኔን በአክስቴ ስም መጥራትህ፣ የየትኛው አባት ወግ አይደለም? አንተ ግን በእያንዳንዱ ትደነግጥ ነበር። ስንጥቁን ለጊዜው በደረቅ ሳሙና ደፈንከው። እማዬ ግን መንገድ ላይ ብትረሳና መኪና ውስጥ ብትገባስ ብላ ቁልፉን ጠየቀችህ። ሳትከራከር ሰጠሃት። አንተ፣ በጨው ማነስና መብዛት እንኳ ግማሽ ሰዓት የምትከራከረው ሰውዬ! ከዚያ ያን ከባድ የመፍቻ ቦርሳህን ተሸክመህ ኢምፔሪያል አደባባይ ቆመህ ታክሲ መጠበቅ ጀመርክ፤ ረዳቶቹ ከነቦርሳህ አንጭንህም እያሉህ። ከሰሚትና ከአያት ቧንቧ ፈነዳብን ብለው የሚደውሉልህ ሰዎች አንተ እስክትደርስ ሌላ ሠራተኛ አግኝተው ይጠብቁሃል። ማታ ስትገባ ትከሻህን እያሸህ ዛሬስ ደከመኝ ትላለህ፣ እኔ ሻይ አቀርብልሃለሁ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ ልናገር እችል ነበር። ከሁሉ የሚቆጠቁጠኝ ጸበሉ ነው። በነሐሴ፣ በዚያ ብርድ፣ ሰባት ቀን ተጠመቅህ። ፎጣና ጀሪካን ይዤ የተከተልኩህ እኔ ነኝ። አጥማቂው ቄስ ሕመምህን ሲጠይቁህ መርሳት ነው አባቴ ብለህ አንገትህን ደፋህ። ውኃው ሲወርድብህ ጥርስህ ሲንቀጫቀጭ እሰማለሁ፤ ፎጣውን ደረቴ ላይ አቅፌ ቆሜያለሁ። ለሌለብህ በሽታ አባዬ! በሰባተኛው ቀን ስንመለስ ደስ ብሎህ ነበር። ከቤት እስከ አያት ያሉትን ፌርማታዎች በሙሉ በልቤ ቆጠርኳቸው፣ አንዱንም አልሳትኩም አልከኝ። እኔ ምን አልኩህ? ተሻለህ ማለት ነው አልኩህ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ፈተናው ይለፍ፣ ከዚያ ውጤት ይምጣ፣ ከዚያ በዓሉ ይለፍ እያልኩ ራሴን ሳታልል በጥር አንድ ጠዋት ልብህ ቀጥ አለች። ሐኪሙ የልብ ነው ብሏል፤ ገደልኩህ አልልም። ግን የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ወራት ራስህን እየፈራህ የኖርከው በእኔ ነው። ይቅር በለኝ ለማለት እንኳ አፍራለሁ።

አዲሱን ክዳን ከመለዋወጫ ሻጮቹ ከሶማሌ ተራ ገዛሁ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ከቁርስ በኋላ ግቢው ውስጥ የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፌ ጀመርኩ። ዘይቱን በአሮጌ ሳፋ አወረድኩ፣ መርገጫዋን ፈታሁ። የክዳኑ ቡሎኖች ረጅምም አጭርም አላቸው፤ ቢቀያየሩ ጉድ ነው። አንተ ቧንቧ ስትፈታ እንደምታደርገው የክዳኑን ቅርፅ ካርቶን ላይ ስዬ እያንዳንዱን ቡሎን በየቦታው ሰካሁት። አንዱ አልፈታም ብሎ ግማሽ ሰዓት አለፋኝ፤ ሰደብኩት፣ ለመንኩት፣ በመጨረሻ በመዶሻ ቀስ አድርጌ ስነካካው ተፈታ። ክዳኑ ሲወጣ ስንጥቁን በደንብ አየሁት፤ የትንሿን ጣቴን ያህል እንኳ አይረዝምም። ሳሙናህ ውስጡ ደርቆ ጠቁሯል። ዘይት እንዳያፈስ ከክዳኑ ሥር የሚገባውን አሮጌ የወረቀት ጓርኒሲዮን በምላጭ ፍቄ አዲሱን አስቀመጥኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ቡሎኖቹን ሰያፍ ሰያፍ እያልኩ አጠበቅኩ። ዘይት ሞልቼ በአራተኛው እርግጫ ተነሳች። ሥሯ ንጹሕ ካርቶን ዘርግቼ ጠበቅኩ፤ ጠብታ የለም። የግማሽ ቀን ሥራ ነው አባዬ። እውነቱን ነግሬህ ቢሆን ተቆጥተኸኝ፣ ምናልባት አንድ ሳምንት አኩርፈኸኝ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለታችን ቁጭ ብለን እንጨርሰው ነበር።

እማዬ ድምፁን ሰምታ ወጣች። እጄ በዘይት እንደተለወሰ መሬት ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። እንድትጮህብኝ ፈልጌ ነበር። አልጮኸችም። በርጩማው ላይ ተቀመጠችና መዳፏን አየች። ከዚያ ቁልፉን የተቀበልኩት እኔ ነኝ አለች። ሸክሜን አራግፋለሁ ብዬ ግማሹን እሷ ላይ ጫንኩት። ከመናገሬ በፊት ይህን አላሰብኩም ነበር፤ ባስበው ኖሮ ምናልባት አሁንም ዝም እል ነበር።

ቆይታ ተነሳች፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ጋሽ በቀለ ቤት ደርሳ ተመለሰች። ባለቤቴ ምንም የረሳው ነገር አልነበረም፣ እስከ መጨረሻዋ ቀን ጭንቅላቱ ሙሉ ነበር፣ ያን ቀን የነገርኩዎት ስህተት ነው ብያቸዋለሁ አለችኝ። ታዲያ ማን እንደጣላት አልጠየቁሽም ወይ አልኳት። ጠይቀዋታል። እሱን ልጄ ራሷ መጥታ ትነግርዎታለች ብላ ነው የወጣችው።

ስለዚህ ነገ እሄዳለሁ። እድርተኛው ሁሉ በሚሰበሰብበት ቆሜ እናገራለሁ። እፈራለሁ፤ ግን ላንተ ከንፈር የመጠጡ ሰዎች ለእኔ ይምጠጡ። አልረሳህም ብዬ ደብዳቤውን ልዘጋው ነበር፤ ይህማ ለሞተ ሁሉ የሚባል ነው። እኔ ቃል የምገባልህ ይህን ነው፦ ስምህ በተነሳበት ቦታ ሁሉ ምንም እንዳልረሳህ አስታውሳለሁ፣ ለሚሰማኝም ሁሉ አስታውሳለሁ። ሰው ያልወደቀውን መውደቅ ከየት አምጥቶ ያስታውሳል?

ያመንካት ልጅህ፣
ራሔል