የተነሳንበት ሰዓት እንዲነገረኝ ስለ መለመን

ታኅሣሥ 8 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለክቡር የማራቶን ሩጫ አዘጋጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለእግሮችዎም መልካም ዕረፍት እመኛለሁ። እርግጥ በሩጫው ዕለት ከመኪናዎ እስከ እንግዶች ዳስ ከተራመዷት ሃያ እርምጃ በቀር እግሮችዎ የደከሙበትን ቀን አላውቅም፤ ቢሆንም ምኞት ሲበዛ አይጎዳም ብዬ ነው።

ስሜ ሮብሌ ጉሌድ ይባላል። ፍርድ ቤቱ ደጅ ከዛፉ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ ስጽፍ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ቤታችን የሚነገረው ሱማልኛ ነው፤ አማርኛን የተማርኩት ከሰው በደል ነው ብል አልዋሸሁም። ድንበሩ የተገፋበት፣ ግመሉ በመኪና የተገጨበት፣ ባሏ የከዳት ሁሉ እየመጣ ሲነግረኝ እኔ «ለክቡርነትዎ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ» እያልኩ በወረቀት ላይ አሰፍራለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት በራሴ ስም የጻፍኩት ማመልከቻ አልነበረም። ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ለዚህ ክብር ላበቁኝ ለእርስዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተቀምጦ የሚውል ሰው ወገቡ ይደርቃል፤ የእኔም በሠላሳ አራት ዓመቴ አልታዘዝ ስላለኝ ጠዋት ጠዋት ሮጥ ሮጥ ማለት ጀመርኩ። የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው ጓደኛዬ ሊበን እስከ መልካ ጀብዱ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ያለውን መንገድ፣ ከከዚራ ሰፈር ጥቂት ዙር ጨምሮበት፣ በመኪናው ቆጣሪ ለካልኝ። መጀመሪያ የጨረስኩት በሦስት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ደቂቃ ነበር። በዓመቱ ሦስት ከአሥራ ሁለት ሆነ፤ ቀጥሎ ሁለት ከሃምሳ ስምንት፤ ቀጥሎ ሁለት ከአርባ ዘጠኝ፤ አምና ደግሞ ሁለት ሰዓት ከአርባ ሦስት ደቂቃ። ከዚያ በኋላ በሁለት ሰዓት ከአርባ ካልገባሁ ሰው አይደለሁም ብዬ ለራሴ ማልኩ። ባለቤቴ ደሄቦ «ወሪያ ሮብሌ፣ ይቺ ሦስት ደቂቃ ቤት ትሠራልናለች ወይ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ቤት እንደማትሠራ አውቃለሁ። ግን የመላው ከተማ ሰው ስም ያለበትን ወረቀት ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ የእኔ ስምና የእኔ ሰዓት ያለበት አንድ ወረቀት፣ ማኅተም ያረፈበት፣ ግድግዳዬ ላይ እንዲሰቀል አማረኝ። ዕድሜዬ አርባ ሊሞላ ነው፤ ጉልበቴም ከዚህ በኋላ ብዙ እንደማያስኬደኝ ነግሮኛል። እንግዲህ ኅዳር 15 ቀን ኮሚቴዎ ያዘጋጀው ማራቶን ለእኔ ምን እንደነበረ ይህን ያህል ካስረዳሁ፣ ወደ ምስጋናዎቼ በቁጥር እገባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሰዓት አክባሪነትዎ። በየግድግዳው የለጠፉት ማስታወቂያ ሩጫው ከጠዋቱ ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይጀመራል ይላል። እኛ ሃምሳ ሦስት ሯጮች በአሥራ አንድ ተኩል ተሰልፈን ነበር። የክብር እንግዳው ቁርሳቸውን በእርጋታ እንዲበሉ ሲባል ከሦስት ሰዓት በላይ በሰልፍ ቆምን። መቀመጥም ክልክል ነበር፤ እንግዳው በድንገት ቢደርሱ ሯጭ መሬት ላይ ተዘርፍጦ ማየት የለባቸውም ተባለ። የድሬዳዋ ፀሐይ ከሦስት ሰዓት በኋላ ምን እንደምትመስል ዳስ ውስጥ ለነበረ ሰው ማስረዳት ድፍረት ስለሚሆንብኝ እተወዋለሁ። ንግግሩም ተደረገ። ስፖርት ጤና መሆኑን የሰማነው ሁለቱ ልጆች ራሳቸውን ስተው ከወደቁ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ጥንቃቄዎ። ሊበን እንደ ሁልጊዜው የእጅ ሰዓቱን ይዞ መጨረሻው መስመር ላይ ሊቆምልኝ መጥቶ ነበር። ኮሚቴው ሰዓት ያዥ ሾሞ ሳለ በግል ሰዓት መያዝ ኮሚቴውን መጠርጠር ነው ተብሎ ሰዓቱ ተወሰደበት፤ እስከ አሥር ሰዓትም መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈበት። ሊበን ጅቡቲ ድረስ ሲመላለስ ጉምሩክ ብዙ ነገር ወስዶበታል። ሰዓት ግን ወስዶበት አያውቅም፤ በዚህ ኮሚቴዎ ጉምሩክን በልጦታል።

ሦስተኛ፤ ስለ ውሃው። መልካ ጀብዱ ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ የሎሚናት ጠርሙስ በበረዶ ተደርድሮበት ስናይ ደስ ብሎን ነበር። ለእንግዶች ነው ተባልን። ሃሊሞ የምትባል ወተት ሻጭ፣ ዕድሜ ይስጣትና፣ በጣሳ ውሃ ይዛ መንገድ ዳር ባትቆም ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ሰው አይኖርም ነበር። ፖሊሱ ሥርዓት ታበላሻለሽ ብሎ ሊያባርራት ሲሞክር የመለሰችለትን በዚህ የክብር ወረቀት ላይ ለማስፈር እጄ አልታዘዘኝም።

አራተኛ፤ እዚህ ላይ ክቡርነትዎ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ፤ ይህ ከሌሎቹ ይረዝማል።

በሁለተኛው ዙር ከመልካ ጀብዱ ስመለስ ሰውነቴ እንደዚያ ዕለት ታዝዞልኝ አያውቅም። ሙቀቱ አናቴን ይበሳል፤ እግሬ ግን የእኔ አይመስልም፤ ይሄዳል። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች መንገድ ዳር ቀርተዋል። ከዚራ ገብቼ ቀጥ ያለውን ጎዳና ስይዝ መጨረሻው መስመር ከሩቅ ታየኝ፤ አምስት መቶ ሜትር ቢቀረኝ ነው። ከጥላው ሥር ሰዓት ያዡ አቶ ኢስሃቅ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ይታዩኛል። በዚህ ጊዜ የምድር ባቡሩ የስድስት ሰዓት ጡሩምባ ተነፋ።

ክቡርነትዎ ከደጋ የመጡ ስለሆነ፣ ያ ጡሩምባ በዚህ ከተማ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ይገባኛል። ሱቅ ይዘጋል፤ መዝገብ ይከደናል፤ ጫት የጫነው መኪና ይደርሳል፤ ሰው ሁሉ ወደየጥላው ይገባል። እኔም ራሴ ከዚያ በኋላ ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም። ሩጫው በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነስቶ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ያኔ እግራችንን ታጥበን ተኝተን ነበርና፣ ጡሩምባው ማንንም ባልጎዳ። አቶ ኢስሃቅም ሃያ ዓመት ሙሉ የለመዱትን አደረጉ፤ ተነሱ፣ ወንበራቸውን አጠፉ፣ ወረቀታቸውን ጠቀለሉ። ሦስቱ ተሸላሚዎች ገብተው ስለነበር ሥራው አልቋል ብለው ይሆናል። እጄን እያወዛወዝኩ ጮህኩ። እሳቸውም ጨዋ ሰው ናቸውና እጃቸውን አንስተው ሰላምታ መለሱልኝ፤ ከዚያ ሄዱ።

ባዶ መስመር ተሻግሬ ገባሁ። አንድ ፍየል ብቻ ነበረች። አለቀስኩ፤ ይህን ለመደበቅ አልፈልግም፤ ሽማግሌ ሊባል የደረሰ ሰው መሐል ጎዳና ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

በአሥር ሰዓት አቶ ኢስሃቅን ከሚቅሙበት ቤት ፈልጌ አገኘኋቸው። የሩጫውን ሰዓት እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። አውጥተው አሳዩኝ፤ ዜሮ ላይ ነው። «አቦ ሮብሌ፣ ከኮሚቴው የተረከብኩት ዜሮ ላይ፣ የማስረክበውም ዜሮ ላይ። ነገ ንብረት ጎደለ ቢሉኝስ ምን ልል ነው?» አሉኝ። በእሳቸው አልፈርድም። በርክክብ የሚያስፈራራቸው ማን እንደሆነ ክቡርነትዎ ያውቃሉ።

አምስተኛ፤ ስለተሰጠኝ የምስክር ወረቀት። «ሮብሌ ጉሌድ፤ ሦስት ሰዓት ገደማ» ይላል። እናመሰግናለን። ገደማ!

አሁን ክቡርነትዎ ሂሳቡን ይመልከቱልኝ። የገባሁት ጡሩምባው ከተነፋ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው፤ ስድስት ሰዓት ከሁለት መሆኑ ነው። የተነሳነው ሦስት ሰዓት ከሃያ ሁለት ወይም ከዚያ በኋላ ከሆነ መሐላዬ ሞልቷል። ከዚያ በፊት ከሆነ አልሞላም፤ እሱንም ቢሆን ተቀብዬ እኖራለሁ። ግን መቼ ተነሳን? ከኮሚቴዎ አባላት አንዱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው ይላል፤ የክብር እንግዳው ሹፌር ሦስት ከሃያ አምስት ነው ይላል። ሦስቱ ተሸላሚዎች ሰዓታቸው ተጽፎላቸዋል፤ ከጡሩምባው ምን ያህል ቀድመው እንደገቡ ግን አንዱ ሩብ ሰዓት፣ ሌላው ግማሽ ሰዓት ይለኛል። በእርግጠኝነት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሽጉጡን የተኮሱት እርስዎ ነዎት፤ ከመተኮስዎ በፊት ያንን የወርቅ ሰዓትዎን አዩ፤ እኔ ፊት ለፊትዎ ቆሜ ስለነበር ሲያዩት አይቻለሁ።

ይህን ለመጠየቅ ቢሮዎ ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ። አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ አንድ ጊዜ ነገ ና ተባልኩ። በሦስተኛው አገኘሁዎትና እንደማያስታውሱ ነገሩኝ። ቀጥለውም «ለአንተ አምስት ደቂቃ ቢጨምር ቢቀንስ ምን ይፈይድልሃል?» ብለው ሳቁ። ክቡር ሆይ፣ ለአምስት ደቂቃ አምስት ዓመት ከፍያለሁ። የእርስዎ እንግዳ ሦስት ሰዓት ሲያዘገዩ ማንም ምን ይፈይዳል ብሎ አልጠየቀም። ያን ዕለት ከፊትዎ ወጥቼ ደረጃው ላይ ስቆም በሕይወቴ ሰውን እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም፤ አላህ ይቅር ይበለኝ፤ እርስዎን ግን ይቅር እንዲልዎ ገና አልለመንኩም።

ስለዚህ የምጠይቀው ዋንጫ አይደለም፤ ካሣም አይደለም። በብጣሽ ወረቀት ላይ አንድ ሰዓትና አንድ ደቂቃ ብቻ ነው፤ መልካምም ይሁን ክፉ። ያንን እስካገኝ ድረስ በክቡርነትዎ ጥላ ሥር፣ በትዕግሥትዎ ተምሬ፣ በትጋትዎ ተገርሜ፣ እንደ ሯጭ ሳይሆን እንደ ሰልፈኛ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ታዛዥና የማይታክት አመልካችዎ፣
ሮብሌ ጉሌድ
ማመልከቻ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለሃምሳ ሁለቱ ሯጮች፣ በያሉበት
ለወይዘሮ ሃሊሞ፣ መልካ ጀብዱ
ለፍርድ ቤቱ ደጅ ግድግዳ

ማስታወሻ፦ ስለ ሩጫው ለበላይ መሥሪያ ቤት የሚላከውን ራፖር ጸሐፊዎ በንጹሕ እንዲገለበጥለት ወደ እኔ ጠረጴዛ አምጥቶት ነበር፤ የማን ጠረጴዛ መሆኑን እንዳልነገሩት ገባኝ። ራፖሩ ሩጫው ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተጀምሮ በስድስት ሰዓት ጡሩምባ እንደተፈጸመ፣ አንደኛ የወጣው ወታደር በሁለት ሰዓት ከሃያ ስድስት ደቂቃ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛውም እግር በእግር ተከትለውት፣ ሦስቱም ከጡሩምባው በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደገቡ ይመሰክራል። የደንበኛን ቃል መለወጥ በሥራዬ ነውር ስለሆነ አንዲት ፊደል ሳልነካ ጽፌዋለሁ፤ እርስዎም ሳያነቡ ፈርመውበት ባለፈው ማክሰኞ በባቡር ሄዷል። መቀነስ የሚያውቅ አንድ ሰው አዲስ አበባ ካልጠፋ፣ በመካከል የጠፋው ሦስት ሰዓት የት እንደገባ ማብራሪያ እንዲሰጡ መጠየቅዎ አይቀርም። የማብራሪያው ደብዳቤ በንጹሕ ሊገለበጥ ሲመጣ፣ የተነሳንበትን ሰዓት ከራስዎ ቃል አነበዋለሁ።