ምሳር ከነዛቢያው

ለአዳነ፣ ለልጄ አባት፦

ከተለየኸኝ ፋሲካ መጥቶ ሄደ፣ አሁን ደግሞ በዓላችን ስግድ ሊደርስ ነው። ሰላም ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ጭንቅላቱን በብረት ቧንቧ የተፈለጠ ሰው እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። እኔም ሰላም አይደለሁም። ተቆጥቻለሁ። ቁጣዬን መቼም ታውቀዋለህ፣ ዕድሜህን ሙሉ በር በሩን ስታይ የኖርክ ነህ።

ቤቱ ያው ነው፣ የተለወጥነው እኛ ነን። ልጃችን ሲጋል ከእስራኤል ጦር ወጥታ ራማት ፖሌግ ሰፈር የሰው ሕፃናት ትጠብቃለች፤ ስትገባ በሩን ቆልፋ፣ ተመልሳ ደግሞ መቆለፉን ትነካካለች። ወንበርህ ላይ ወንድምህ ደሴ ይቀመጣል። ተነስ አልለውም፤ ከኋላ ሲታይ ትከሻው ያንተ ነው።

የገደለህ ልጅ ታስሯል ብለውን ነበር። አሁን ግን ፍርዱ እስኪደርስ ማአጻር ባይት ነው ተባለ፤ እስር ቤቱ የናቱ ቤት ሆነለት ማለት ነው። ኤይን ሀትኽሌት ሰፈር፣ በረንዳቸው ላይ ተቀምጦ ሱፍ ሲቆረጥም ደሴ አይቶታል። ጠበቃው ደግሞ፣ ዘበኛው እንቅልፋም ነበር፣ ደንግጦ ራሱ ነው የወደቀው ይላል። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። አንተ እኮ ያን ዓርብ ቀትር፣ ሠራተኞቹ ለሰንበት ሲወጡ፣ ኪርያት ሀሻሮን በሚሠራው ሕንፃ በር ላይ ዘብ ቆመህ ነበር። ልጁ የመዳብ ሽቦ ሊሰርቅ ገባ፤ ተው አልከው፣ መታህ። ከወደቅህም በኋላ ደገመህ። የገደለህ ሁለተኛው ነው ብሎ ሐኪሙ ነግሮኛል። እኔ ተኝቼም ተነሥቼም የማስበው ያንን ሁለተኛውን ነው።

ለቅሶህ ላይ እህትህ እናና ደረቷን እየመታች «ወንድ ጠፋ ወይ» የሚል ሙሾ አወረደች። አገር ቤት ቢሆን እንዲህ ያለው ሙሾ ደም ይጠይቃል። እዚህ ማን ይሰማዋል አልን። ደሴ ግን ሰማ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጢሙን መላጨት ተወ።

በሐምሌው ሙቀት መጥቶ፣ «እትዬ፣ ጋርዘን ልገዛ ነው፤ አንቺ የቀጥቃጭ ሚስት ብረት ታውቂያለሽ፣ አብረሽኝ ነይ» አለኝ። ጋርዘን የሚለው ምሳሩን ነው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እውነቱን ልንገርህ፣ የሄድኩት ላስቆመው አልነበረም። ጥሩውን እንዲገዛ ነው።

ሱቁ የድንኳንና የሽርሽር ዕቃ የሚሸጥበት ነው፤ ምሳሮቹ እንደ ጫማ ተደርድረዋል። ሻጩ ፊቱ ፈገግ ያለ ሰው ነው። «ለማንጋል ነው?» አለን፤ ጫካ ሄደን ሥጋ የምንጠብስ መስሎት። ደሴም አዎ ለማለት «ኬን፣ ለማንጋል» አለው። ሰውየው ቀላሉ ቅርንጫፍ ለመመልመል፣ ከባዱ ግንድ ለመፍለጥ እንደሚሆን እያነሳ ያስረዳን ጀመር። ደሴ ባንድ እጅ የሚወዛወዘውን ቀላሉን ያዘ። የኔ እጅ ወደ ከባዱ ሄደ። ስለቱን በጥፍሬ ፈተንኩት፣ ጎኑን አንኳኩቼ ድምፁን አዳመጥኩ፣ ልክ አንተ እንደምታደርገው። ብረቱ ጥሩ ነበር። በዚህ አንድ ምት ይበቃል፣ ሁለተኛ አያስፈልግም ብዬ አሰብኩ። ይህን ሳስብ ምራቄ ጣፈጠኝ፣ አዳነ። እንዲህ ሆኜልሃለሁ።

ሻጩ ቀጥሎ ዛቢያው አሃራዩት አለው፣ ከተሰበረ ይለወጥላችኋል አለ። ያኔ ነው የነቃሁት። እዚህ አገር ምሳር የሚሸጠው ከነዛቢያው ነው። ገዝተህ፣ ከበሩ ወጥተህ፣ አውቶቡስ ተሳፍረህ ሰው መግደል ትችላለህ። ለተቆጣ ሰው አንድም ሥራ አልተዉለትም።

ወገራ ሳለን አንተ ብረቱን ብቻ ነበር የምትሸጠው። ዛቢያው የገዢው ፈንታ ነው። ያንን በድንበር ከወንድሙ ጋር ተፈናክቶ ፊቱ በደም ታጥቦ የመጣውን ሰው ታስታውሰዋለህ? አሁኑኑ ምሳር ስጠኝ ብሎ ወናፍህን ሲረግጥ፣ አንተ ቀና ብለህ እንኳ ሳታየው ብረቱን አቀበልከው፤ ወይራ ፈልገህ ጥረብ፣ አድርቅ፣ ከዚያ ና አስገባልሃለሁ አልከው። ቡዳ ናቸው እያሉ ይፈሩን ስለነበር የሚከራከርህ አልነበረም። ሰውየው ግን መቆየት አቃተው፤ ባዶውን ብረት ጨብጦ ሲሮጥ አደናቀፈውና የገዛ መዳፉን እስከ አጥንቱ ሸረከተው። ቁስሉን ያጠበለት እሱ ሊገድለው የነበረው ያው ወንድሙ ነው። ሌላው ገዢ ሁሉ ወይራ ሲፈልግ፣ ሲጠርብ፣ ሲያደርቅ ንዴቱ ይወጣለት ነበር። አባትህም አያትህም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ለተቆጣ ሰው ከቀጥቃጭ ቤት ምሳር ከነዛቢያው አይሰጥም።

ከባዱን አስገዛሁት። ቤት ስንደርስ ከመኖሪያ ሕንፃችን ጓሮ ወስጄ ዛቢያውን በመጋዝ ቆረጥኩና የቀረውን በመዶሻ መትቼ አስወጣሁት። ደሴ ትከሻዬን ጨምድዶ ከግንቡ ጋር አጋጨኝ፤ ጣቱ ያረፈበት ቦታ ሰንብቶ ጠቆረ። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው!» ብሎ ጮኸብኝ። ለቀጥቃጭ ሚስት ነው እንግዲህ የሚነግራት! ዛቢያ የሚገባው ግን ሲቀዘቅዝ ነው ብዬ ብረቱን እግሩ ሥር ጣልኩለት። የወንድምህን ደም የምትመልስ ከሆነ በወንድምህ ሕግ መልስ፣ ዛቢያህን ራስህ አብጅ አልኩት።

ወይራ ፍለጋ ወጣ። ኔታንያ ወይራ ሞልቷል፣ ግን ሁሉም የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ አንዱን ሲገነጥል ሽማግሌ ሰው ፖሊስ እጠራለሁ ብሎ አባረረው። በመጨረሻ አትክልተኞች መልምለው የጣሉትን ግንድ ተሸክሞ መጣና በረንዳዬ ላይ በወጥ ቤት ቢላ ይጠርብ ገባ። ቢላውን ሲሰካው እንጨት የሚወጋ አይመስልም ነበር። የመጀመሪያው ተሰነጠቀ፣ ከግድግዳ ጋር አጋጭቶ ሰበረው። ሁለተኛው ተጣመመ። እጁ ቆስሎ ፍቅፋቂው ሁሉ ደም ነካው። እየዋለ እያደረ ግን ስድቡ ቀነሰና ስላንተ ያወራ ጀመር፤ ወደዚህ አገር ለመምጣት ወደ አዲስ አበባ ስንወርድ እግሩ ቢያብጥበት እንዴት እንዳዘልከው። ዛቢያው ያለቀ ቀን ምሳሩን ገጥሞ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ጢሙን ተላጭቷል። «እትዬ፣ እኔ አልችልም» ብሎ አለቀሰ።

አንተ ብትሆን እቅፍ ታደርገው ነበር። እኔ በጥፊ መታሁት። የሱ ንዴት ወጣለት፣ የኔስ በየት ይውጣ? የጠረበው እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። እሱ ቀሎት ወደ ቤቱ ሲሄድ ምሳሩ ሙሉ ሆኖ ከኔ ጋር ቀረ።

በማግስቱ በነጠላዬ ጠቅልዬው ወደ ኤይን ሀትኽሌት ተሳፈርኩ። ልጁ በረንዳው ላይ ነበር። አየኝ፣ አወቀኝ፣ እጁ ላይ የያዘውን ሱፍ በትኖ ወደ ውስጥ ገባ። ደረጃውን ወጣሁ። በሩ ሥር ቆሜ ነጠላውን ፈታሁና ምሳሩን ጨበጥኩ፣ ግን ጣቶቼ ዞረው አልገጠሙም። ዛቢያው የተጠረበው በደሴ እጅ ልክ ነው። ከበሩ ማዶ የልጁን ትንፋሽ እየሰማሁ ደጋግሜ ጨበጥኩት፣ አልሆነልኝም። ተመልሼ ወረድኩ።

አዳነ፣ የምረሳህ እንዳይመስልህ። ፍርዱ ሲደርስ ባዶ እጄን ዳኞቹ ፊት ቆሜ ስምህን እጠራለሁ፤ የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም ምት እናገራለሁ። እስከዚያ የደሴን ዛቢያ አውልቄ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጬ በራሴ እጅ ልክ እየጠረብኩ ነው። ፍርዱ ሳይደርስ ካለቀብኝም እሰብረውና ሌላ እጀምራለሁ።