በገዛ ፈቃዳቸው ያልሄዱት ወይዘሮ አሰለፈች ወልደአማኑኤል

ወይዘሮ አሰለፈች ከአባታቸው ከአቶ ወልደአማኑኤል ደስታና ከእናታቸው ከወይዘሮ አማረች በዳኔ ኅዳር 12 ቀን 1957 ዓ.ም. በዓለም ጤና ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሽንኩርት አምራች ሲሆኑ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ለካቶሊክ ምእመናን ልጆች ትምህርተ ክርስቶስ ያስተምሩ ነበር። አንድ የበሰበሰ ሽንኩርት ጆንያውን ሙሉ ያበላሻል እያሉ ልጆቻቸውን ቁጭ አድርገው ያስለቅሙ ስለነበር፣ ወይዘሮ አሰለፈች ብስባሽን በዓይን ሳያዩ በአፍንጫ መለየት የለመዱት ገና በስድስት ዓመታቸው ነው። ይህ ልማድ ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም። ደስ የማይል ነገር ሲገጥማቸው ከአንደበታቸው በፊት የሚናገረው አፍንጫቸው ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በዓለም ጤና፣ ሁለተኛ ደረጃን በናዝሬት አጠናቀው፣ የአማርኛ ታይፕና የጽሕፈት ሥራ ተምረው በ1978 ዓ.ም. ሁሩታ በሚገኝ የእህል ግዢ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። እዚያም የሒሳብ መምህር ከነበሩት ከአቶ ምልኬሳ ጉተማ ጋር ተዋውቀው በ1981 ዓ.ም. በቅዱስ ቁርባን ተጋቡ፤ መሳይንና ሊዲንም ወለዱ። አቶ ምልኬሳ በ2006 ዓ.ም. በሞት ተለይተዋቸዋል።

ቤተሰቡ ወደ አዳማ ከተዛወረ በኋላ፣ በ1999 ዓ.ም. ኪዳነ ሰላም ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲጀምር ወይዘሮ አሰለፈች የፕሬዚዳንቱ የአባ ምንተስኖት የአስተዳደር ረዳት ሆነው ተመደቡ። በዚያ ወንበር ላይ አሥራ አምስት ዓመት ተቀምጠዋል። ደብዳቤ ያረቅቃሉ፣ ባለጉዳይ ያስተናግዳሉ፣ አባ የረሱትን ቀጠሮ ያስታውሳሉ፣ አባ ያላነበቡትን ያነባሉ። «በክቡርነትዎ ብሩህ አመራር» የምትል ሐረግ ለፊርማ በቀረበ ረቂቅ ውስጥ ካገኙ በእርሳስ ሰርዘው፣ «ብርሃን ካለማ መብራት ለምን እንገዛለን?» ብለው ይመልሱ ነበር። አጎብዳጅ ይቀፋቸዋል። ከስብሰባ በኋላ አባን እስከ መኪናቸው ሸኝቶ፣ ዞር ሲል የሚያማቸውን ሰው ሰላም ካሉት በኋላ እጃቸውን ሲታጠቡ ያዩ ሁሉ ይመሰክራሉ።

ከሥራቸው ሁሉ የሚኮሩባት ነገር ጥፍር የማታክል ነበረች። ማንኛውም ደብዳቤ ለአባ ፊርማ ከመግባቱ በፊት፣ መዝገብ ቤት በሚቀመጠው ቀሪ ግርጌ በስተግራ «አ.ወ.» የምትል ፓራፍ በሰማያዊ ቀለም ያሰፍራሉ። ለአዲስ ጸሐፊዎች ሲያስረዱም፣ «ፓራፍ ማለት አንብቤዋለሁ፣ እውነት ነው ማለት ነው፤ ጌጥ አይደለም» ይሉ ነበር። አባም ያቺን ፓራፍ ካዩ ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈርሙ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. የበሩ ጥበቃ አቶ መርዳሳ ቶሎሳ የተማሪዎችን አዳዲስ ፍራሾች ጭኖ ሊወጣ የነበረ መኪና አስቆመው ሰሌዳ ቁጥሩን መዘገቡ። መኪናው የአንድ ኃላፊ ዘመድ ንብረት ነበር። በሳምንቱ፣ አቶ መርዳሳ «በገዛ ፈቃዳቸው ሥራ ለመልቀቅ ስለጠየቁ» መሰናበታቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ለፓራፍ ቀረበ። ወይዘሮ አሰለፈች ብዕራቸውን አስቀምጠው ወደ በሩ ወረዱ።

አቶ መርዳሳ በኦሮምኛው ቁቤ እንጂ በአማርኛው ፊደል አያነቡም። እንደ ወትሮው በኦሮምኛ «አካም ቡልተን፣ አዴ አሰለፈች» ብለው ሰላምታ እየሰጡ ተነሡ። ወረቀት ፈርመው እንደሆነ ሲጠየቁም ደስ ብሏቸው መለሱ፤ «አዎ፣ ፈቃድ ነው ያሉኝ። ‘ፈቃድህ ተፈቅዷል፣ ፈርም’ አሉኝ። የዓመት ፈቃዴ ሦስት ዓመት ተጠራቅሞ የለ? አዳሚ ቱሉ ሄጄ እህቴን ኡሙሰልማን ላያት ነው።»

ወይዘሮ አሰለፈች በአንድ ቃል ሁለት ትርጉም አንድን ሰው ከአሥራ አራት ዓመት ሥራው ማባረር ይቻላል ብለው አስበው አያውቁም ነበር። ቢሮ ተመልሰው እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። ከዚያ ደብዳቤውን ይዘው ወደ አባ ገቡና ነገሩን ከነፈቃዱ አስረዱ። አባ ምንተስኖት «የምፈርመው እኔ ነኝ፤ እርስዎን ምን አስጨነቀዎት?» አሏቸው። «አባ፣ እርስዎ የሚፈርሙት እኔ አንብቤዋለሁ ስልዎት አምነው አይደል? አንብቤዋለሁ፤ ውሸት ነው» ብለው ወጡ። አባ ያለ ፓራፍ ፈረሙ። ወይዘሮ አሰለፈችን እስከ መጨረሻው ያንገፈገፋቸው ደብዳቤውን ያረቀቀው ሰው አልነበረም፤ እንዲህ ያለውን ከሽንኩርት ጆንያ ጀምሮ ያውቁታል። ያንገፈገፋቸው እያወቁ የፈረሙት አባ ናቸው፤ ሐዘናቸውን አብረው ያዘኑ፣ አቶ ምልኬሳን የቀበሩላቸው አባ።

በወሩ «ለጤናዎ ይስማማዎታል» ተብለው መስኮት ወደሌለው መዝገብ ቤት ተዛወሩ። ሊቀጧቸው ብለው የፋይሉን ሁሉ ቁልፍ ሰጧቸው። አቶ መርዳሳ የሥራ ክርክር ሰሚው ቦርድ ዘንድ ሲከሱ ወይዘሮ አሰለፈች ምስክር ሆነው ቀረቡ፤ ቦርዱም የደብዳቤው ቀሪ እንዲመጣ አዘዘ። በአሥራ አምስት ዓመት ፋይል ውስጥ «አ.ወ.» የሌለበት ቀሪ ያ አንዱ ብቻ ነበር። ሰብሳቢው ለምን ብለው ቢጠይቋቸው፣ «እዚያ ላይ ስሜን ማሳረፍ ስለቀፈፈኝ ነው» አሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህኛው ለመጥራት አሥራ አንድ ወር ፈጀበት። አቶ መርዳሳ ወደ በራቸው ተመለሱ።

ወይዘሮ አሰለፈች በ2016 ዓ.ም. በጣፊያ ካንሰር ታመው፣ የሐኪም ማስረጃ አያይዘው የሕመም ፈቃድ ጠየቁ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. መልሱ አልጋቸው ድረስ መጣ፤ «በገዛ ፍቃዳቸው ሥራ መልቀቃቸውን» ይገልጻል። አንብበው አፍንጫቸውን ሸበሸቡ። ልጃቸው ሊዲ ስታለቅስ፣ «አታልቅሺ፣ ቀይ እስክሪብቶ አምጪልኝ» አሏት። «ፍ» ላይ አክብበው፣ «ፈቃድ በግዕዙ ፈ ይጻፋል፤ ታርሞ ይምጣ» ብለው በኅዳጉ ጽፈው መለሱት። እስካሁን ታርሞ አልመጣም።

በአገር ውስጥ የሚቻለው ሕክምና ሁሉ ሲደረግላቸው ቆይቶ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው አረፉ። ዩኒቨርሲቲው በማግሥቱ የአበባ ጉንጉንና አንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ ላከ። ጉንጉኑ ላይ «የማይተኩት እናታችን» ይላል። ገጹ ደግሞ «በገዛ ፍቃዳቸው እስከለቀቁበት ጊዜ ድረስ» ይላል፤ ያው ፍ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና ቤተሰቡ አበባውን ከግቢ ውጭ አስቀምጦታል። ገጹ አልተነበበም። በምትኩ የሰማችሁት ይህን ሊዲ የጻፈችውን ነው።

ወይዘሮ አሰለፈች አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ ሦስት እህቶችና ስማቸውን ሳያጎድፉ የጠበቁትን ፋይል ትተው አልፈዋል። ለሐዘንተኞች ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን።

ይህ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አቶ መርዳሳ እንዲነበብላቸው ጠየቁ። ሊዲ ከመጀመሪያው እስከዚህ ድረስ አነበበችላቸው፤ ያልገባቸውን ቃል በኦሮምኛ እያስቆሙ አስደገሟት። ሲያበቃ እስክሪብቶ ተቀብለው፣ በገጹ ግርጌ በስተግራ በቁቤ ፊደል ፓራፋቸውን አኖሩ። ዛሬ በእጃችሁ በያዛችሁት ወረቀት ላይ ትታያለች።

አባታችን ሆይ ስንል «ፈቃድህ ይሁን» እንላለን። ወይዘሮ አሰለፈች የሄዱት በዚያ ፈቃድ ነው፤ በሌላ በማንም አይደለም። ያ ፈቃድ በሚነበብበት ስፍራ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ አሜን።