ሰዓዳ ሳትመጣ ያጠፋናት ጨዋታ

ከሚሴ፤ ማክሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ከዙሁር ሰላት በኋላ ወደ ልጄ ወደ መሐመድ ጌም ቤት ጎራ ብዬ፣ በአንዲት ቃል የማይመለስ ጥፋት ሠራሁ።

«አባባ፣ ይቺን የጃፓን ጨዋታ ላጥፋት? የማሽኑን ሚሞሪ ይዛብኛለች። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ኳስ ነው፤ ካልሆነም ተኩስ» አለኝ።

ወረፋ ከሚጠብቁት ጎረምሶች አንዱ ሳቀ። «ወላሂ ወሬ ብቻ ናት! ጠላት እንኳ ተራህ እስኪደርስ ቆሞ ይጠብቅሃል!»

እኔ የወደድኋት ለዚሁ ሥርዓቷ ነበር። የልጅ ልጄ ሰዓዳ ለትምህርት ወደ ደሴ ከመሄዷ በፊት፣ ክረምቱን ሙሉ እሷ ጆይስቲኩን ይዛ፣ እኔ እንግሊዝኛውን እየተረጎምሁላት፣ ወንድሟን ፍለጋ የወጣችውን የጨዋታዋን ልጃገረድ ሰባት አገር አሻግረናታል። ስትሰናበተኝም «አባባ፣ ያለ እኔ እንዳይቀጥሉ» ብላኝ ነበር።

ይህን በጎረምሶቹ ፊት ለመናገር አፈርሁ። አርባ ዓመት ያስተማርሁ ሰው ነኝ። «የሕፃን መጫወቻ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? አጥፋት» አልሁ። አጠፋት።

ሰዉ ሲወጣ ትመለስ እንደሆነ ቀስ ብዬ ጠየቅሁት። «ጨዋታዋን እንደገና መጫን ይቻላል፤ የደረሳችሁበት ግን አይገኝም» አለኝ።

ማምሻውን ሰዓዳ ደወለች። «አባባ፣ ፈተና ጨርሻለሁ፤ ሐሙስ እገባለሁ። ዘንድሮ ወንድሟን ሳናገኘው ደሴ አልመለስም!»

«ኢንሻአላህ» አልኋት።