ያረፈ መሬት

ሰኔ 3፣ ሰኞ ማታ

ጠዋት አራት ክፍል አስተማርኩ። ድምፄ ተዘግቷል። ከሰዓት በሚኒባስ ወደ ጎብዬ፤ ታላቅ እህቴ ዘሃራ ደውላ ነበር። የቀበሌያቸው የመሬት ኮሚቴ ማሳዋን «ጦም ያደረ» ብሎታል። ሁለት ዓመት ስላልተዘራ ለሌላ ሊሰጥ ነው።

ማስታወሻዬ፣ ደሜ ፈልቷል። ጦም ያደረ ማለት ባለቤቱ የተወው ነው። ይኼ ያረፈ ነው። እንዲያርፍ ያልኩትም እኔ ነኝ፤ አቀንጭራ የሚሉት አረም ማሽላውን ከሥሩ እየመጠጠ ጨርሶት ነበር።

ሰኔ 5፣ ረቡዕ

የኮሚቴውን ሊቀመንበር አገኘሁት። የድሮ ተማሪዬ ነው። «ጋሼ፣ ያረፈም በለው ጦም ያደረ፣ እዚያ ላይ ያለው ሣር ነው» አለኝ። ስለ ቃሉ ተከራከርኩ። ደከመኝ።

የዘሃራ ጎረቤት ሰይድ ዘዴ አለው፦ ዳሩን ሁለት ትልም አስነክቶ «ታርሷል» ማለት። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። እኔ አላደርገውም። ውሸት ነው። ዓርብ በኮሚቴው ስብሰባ ላይ እውነቱን እናገራለሁ።

ሰኔ 7፣ ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡00

ከጁምዓ በኋላ ዋርካው ሥር። ተናገርኩ። መሬት ሲያርፍ ጉልበቱን እንዴት እንደሚመልስ፣ አንድ በአንድ። አንዱ አዛጋ።

ዘሃራ ተነሣች። ትደግፈኛለች ብዬ ነበር። ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ልጅ፣ መሬቱስ ወላሂ አርፏል። ጦሜን ያደርኩት እኔ ነኝ!»

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ለካ አንዱን በሬዋን ለእህል ሸጣዋለች። አልነገረችኝም። እኔም ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዤ በሄድኩ ቁጥር የምጠይቃት ስለ አፈሩ ነበር።

ውሳኔ፦ ሐምሌ ሳይገባ ከተዘራ መሬቱ ይቆይላታል። ካልሆነ ይወሰዳል።

ሰኔ 8፣ ቅዳሜ ጠዋት

እንቅልፍ የለም። ወገቤን ያመኛል።

ማሾ። አቀንጭራ ማሽላን እንጂ ማሾን አይነካም። አፈሩ ከማሽላው ያርፋል፣ እሷም ትበላለች። ይህን በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ።

ደወልኩላት። ማሾ እንዝራ አልኳት። ማን ሊያርስ ነው አለች። የቀረው በሬዋ ከሰይድ በሬ ጋር ይጠመዳል፤ ሰይድ እሺ ብሏል። እሱ ራሱ ግን ጉልበቱን ስለሚያመው ማረስ አይችልም። ለአራሽ የሚሰጥ እህል ደግሞ የላትም።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ በሬ ጠምጄ አላውቅም። ሰፈሩ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ዛሬ ዘሩን እገዛለሁ፤ ሰኞ እርፉን የምይዘው እኔ ነኝ።