ከውኃ የወጣው ምሳር

ደባርቅ፣ ጥቅምት 1960 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ሻረው፣

እንዴት ከርመሃል? የሁመራው ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ደኅና ነኝ ብዬ አልዋሽህም፤ ናፍቀኸኛል። ባለ መሬቱ «ልቀቅ» ብሎህ ከሄድክ ወዲህ ብረት የምትቀጠቅጥበት ጎጆ ባዶውን ቆሟል። በዚያ ላለማለፍ ብዬ ዙሪያውን እሄዳለሁ።

ባለፈው እሑድ ያንን የተጨቃጨቅንበትን የኤልሳዕን ታሪክ አስተማርኩ። ሰውየው እንጨት ሲቆርጥ የተዋሰው ምሳር ዮርዳኖስ ገባበት፤ ነቢዩ እንጨት ቢጥልበት ብረቱ ተንሳፈፈ። «እንጨቱ መስቀሉ ነው፤ ብረቱ የሰጠመው አዳም» ስልህ፣ መዶሻህን ሳታስቀምጥ፣ «መሪጌታ፣ መጽሐፉ እኮ የእኛም የቤተ እስራኤል ነው! እንጨቱን ተወውና ሰውየውን እየው። ድኻ ነው፤ የሰው ዕቃ ጠፍቶበት ነው የሚጮኸው» ትለኝ ነበር። ግትር አይደለሁ፣ አንድም ቀን አልተረታሁልህም። አንተም እንደዚያው።

ሕጋችሁ ከእኛ ጋር መነካካት ስለማይፈቅድ፣ የነካም በወንዝ ውኃ መታጠብ ስላለበት፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ተጨባብጠን አናውቅም። ምሳሬን ስታበጅልኝ እንኳ ብረት በምታቀዘቅዝበት ውኃ ውስጥ ትተውልኝና እኔ አወጣው ነበር። የሄድክ ዕለት ግን አህያህን ጭነህ ስታበቃ እጅህን ዘረጋህልኝ።

«ኧረ ሻረው፣ ሕግህስ?» አልኩህ ደንግጬ።

«መንገደኛ ነኝ፤ ወንዝ አላጣም። ታጥቤ እሄዳለሁ» አልከኝ።

ጨበጥኩህ። ከሄድክ በኋላ አለቀስኩ፤ ግን አልወጣልኝም።

እሑድ ዕለት ከታሪኩ መጨረሻ፣ ሰውየው እጁን ዘርግቶ ብረቱን አነሣ ከሚለው ስደርስ ትምህርቴን አቋረጥኩ። ሕዝቡ የእንጨቱን ትርጓሜ ይጠብቃል፤ እኔ የሚታየኝ ያንተ እጅ ነው። ጌታም በመስቀል ላይ የዘረጋው እጁን አይደል? ዕድሜ ልኬን ስለ እንጨቱ ሳስተምር እጁን ዘልዬው ኖሬአለሁ። አንተ በዚህም እንደማትስማማ አውቃለሁ፤ መጥተህ ተከራከረኝ።

የምትመጣበት እንዳታጣ ደግሞ ደብሩ ከሰጠኝ ድርሻ መሬት ቆርሼልሃለሁ፤ የደብሩ አለቃም ፈቅደዋል። ከምርትህ እርቦም ሲሶም አልጠይቅህም፤ ማንም ልቀቅ አይልህም። መቼም ጠባብ ናት፣ ድንጋይም ይበዛባታል። ስመርጣት ግን አስቤ ነው፤ ወንዝ ዳር ናት። ጠዋት ጠዋት ጨብጠኸኝ ትታጠባለህ።

መንገድ መንገዱን የሚያይ ወንድምህ፣
መሪጌታ አገኘሁ