ወደ ወይራ ገደል ያልተመለሱት መምህር ዘርአ ዳዊት ታመነ

መምህር ዘርአ ዳዊት ታመነ ከአባታቸው ከአቶ ታመነ ገብረጻድቅ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አልታየች ወልደተንሣኤ፣ ከአንኮበር ቁልቁል በምትገኘው በወይራ ገደል መንደር ጥር 21 ቀን 1934 ዓ.ም. ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን በአንኮበር፣ ሁለተኛ ደረጃን በደብረ ብርሃን ተማሩ። በ1957 በታሪክ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀብለው በደብረ ብርሃን ማስተማር ጀመሩ። በ1959 ከሰላ ድንጋይዋ ተወላጅ ከወ/ሮ ሸዋወርቅ ገብረአብ ጋር ጋብቻ ፈጽመው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ።

በ1964 ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ከውጭ አገር ይዘው ሲመለሱ በዩኒቨርሲቲ መምህርነት ተቀጠሩ። ሌላው ስለ ነገሥታት ሲያስተምር እሳቸው የጽዱንና የወይራውን፣ የምንጩንና የማሳውን ታሪክ ያስተምሩ ነበር። ባልደረቦቻቸው «የእንጨት ታሪክ ጸሐፊ» እያሉ ቢቀልዱባቸውም ቅር አይላቸውም ነበር። ተማሪዎቻቸውን ገጠር ሲልኩ ትእዛዛቸው አንድ ነበር፤ ሽማግሌ ሲያወጋ እስኪጨርስ አታቋርጡ።

በ1971 ስለ አንኮበር ተዳፋት ደን ያዘጋጁት ጥናት አብዛኛው ከእናታቸው አፍ የተገኘ ነው። የመጀመሪያው ክፍል እርሻው ሽቅብ እየገፋ ጽዱን እንዳራቆተው ይናገራል። ሁለተኛው ክፍል የቀረውን ደን ጠብቀው ያቆዩት እነዚያው ገበሬዎች መሆናቸውን ያስረዳል። በ1977 መንደሩ ደኑን አራቁቷል ተብሎ ለሰፈራ እንዲነሣ ሲወሰን በስብሰባው ላይ የተነበበው የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነበር። መምህር ዘርአ ዳዊት ከቢሮ ቢሮ ተንከራተቱ፤ ሁለተኛውን አስረድተው እስኪጨርሱ የሰማቸው አልተገኘም። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት በእሳቸው ደረሰ።

ወ/ሮ አልታየች መኪናው ላይ ሲወጡ ዞር ብለው «አንተ ልጅ፣ እኔ ያወጋሁህ ለጨዋታ ነበር» አሏቸው። ከሰፈራው ቦታ በደረሱ በሁለተኛው ወር ዐረፉ። መቃብራቸውን ያየ ዘመድ የለም።

ከዚያ ወዲያ መምህሩ አንድ መስመር አልጻፉም። በራሳቸው ጥያቄ ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሰው ሲያስተምሩ፣ ስለ ደን የሚጠይቅ ተማሪ ከተነሣ ጠመኔውን አስቀምጠው ይወጡ ነበር። እንደ ወጉ «ቀሪ ዘመናቸውን በሰላም ኖሩ» ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ሐሰት ይሆናል። ተስፋ ቆርጠው ኖሩ።

በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ግንቦት 9 ቀን 1980 ዓ.ም. በተወለዱ በ46 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ኑዛዜያቸው በወይራ ገደል ማርያም፣ ከአባታቸው ጎን እንዲቀበሩ ነበር። የልጅነት ወዳጃቸው፣ የአሊዩ አምባው ነጋዴ አቶ በሽር ዓብዱ ቦታውን ሊያዩ ወጥተው ነበር። ሲመለሱም «ወላሂ፣ ማሳው ላይ ጽድ በቅሏል፤ መቃብር የሚቆፍር ሰው ግን የለም» አሉ። ስለዚህ ዛሬ የሚያርፉት እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው።

ባለቤታቸው ወ/ሮ ሸዋወርቅ፣ ልጆቻቸው ገብረአማኑኤልና በሰለች ሐዘን ላይ ናቸው። በምድር እስኪጨርሱ የሰማቸው ባይገኝም፣ አምላክ በሰማይ እስከ መጨረሻው ይስማቸው፤ ነፍሳቸውን ከእናታቸው ነፍስ ጋር ያስታርቅ። አሜን።